ተረትና እውነታ፦ «ያረገዘች ተማሪ ከኮሌጅ ትባረራለች»

ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት የአገራችን ልጅ የነርሲንግ ትምህርቷን ሊጠናቀቅ ሁለት ሴሚስተር ሲቀረው አቋረጠች። ኮሌጁ አላባረራትም። ማርገዟን የሰሙ ዘመዶቿ «ሆድሽ ሳይገፋ በራስሽ ውጪ፤ ያስወጡሻል፣ ፔል ግራንቱም ይቋረጣል» አሏት፤ አመነቻቸው።

ስጋቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። አገር ቤት አርግዛ ከትምህርት ገበታ የቀረች ልጅ ያላየ ማን አለ? አሜሪካም ውስጥ ትምህርት ቤቶች እርጉዝ ተማሪን ያባርሩ ነበር። ዛሬ ግን ሕጉ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ታይትል ናይን የፌዴራል ገንዘብ በሚያገኝ የትምህርት ፕሮግራም የጾታ መድልዎን ይከለክላል። በ1975 የወጣው ደንብ ደግሞ እርግዝናንና ወሊድን በስም ይጠቅሳል፦ ሐኪም ያዘዘላት ፈቃድ ይሰጣታል፤ ስትመለስም በነበረችበት ደረጃ ትቀጥላለች። ፔል ግራንት የተባለው የፌዴራል የተማሪዎች እርዳታ ራሱ የተመሠረተው በዚያው የ1972 ሕግ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በፈቃድ ላይ ሆና ክሬዲት ካልወሰደች እርዳታው ለዚያ ጊዜ አይከፈልም፤ የብድር መክፈያ ጊዜም መቆጠር ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ፈቃድ ከመውሰዷ በፊት የፋይናንሻል ኤድ ቢሮን ትጠይቅ። ይህ ግን መባረር አይደለም። ሳያጣሩ «ውጪ» የሚሉ ሰዎች የልጅቱን ዓመታት እያቃጠሉ መሆናቸውን ይወቁት።

ስለ ታይትል ናይን ሌሎች ተረቶችም ይወራሉ። «የስፖርት ሕግ ነው።» አይደለም። በ37 የእንግሊዝኛ ቃላት የተጻፈው ዋና ድንጋጌ ስፖርት የሚል ቃል የለበትም።

«የግል ኮሌጅን አይመለከትም።» ይመለከታል። ግሮቭ ሲቲ ኮሌጅ ከመንግሥት በቀጥታ ገንዘብ አልወስድም ብሎ ተከራክሮ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1984 ተማሪዎቹ የሚያገኙት እርዳታ ኮሌጁን ለሕጉ ተገዢ ያደርገዋል አለ፤ ግዴታውን ግን በእርዳታ ፕሮግራሙ ብቻ ወሰነው። ኮንግረሱ በ1988 የፕሬዚዳንት ሬገንን ቪቶ ሽሮ ግዴታውን በመላው ተቋም ላይ አጸናው። የሃይማኖት ተቋማት እምነታቸው ከሕጉ ጋር ሲጋጭ ነጻ የሚሆኑበት አንቀጽ ግን አለ።

«ለሴት ብቻ ነው።» ወንድንም ይጠብቃል።

«ጠበቃ ያስፈልጋል።» አያስፈልግም። ለአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ አቤት ማለት በነጻ ነው፤ ድርጊቱ በተፈጸመ በ180 ቀናት ውስጥ ይሁን እንጂ።

እናቶች፣ አባቶች፣ አክስቶች፦ ልጃችሁ ማርገዟን ስትነግራችሁ በቅድሚያ ወደ ኮሌጇ የታይትል ናይን ኃላፊ ውሰዷት። ሕጉ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ እያንዳንዱ ኮሌጅ እንዲህ ያለ ሰው እንዲመድብ ያስገድዳል።