በሰላማዊ ውቅያኖስ ገደል ላይ ያለው ዩኒቨርሲቲና ተማሪዎቹ

በካሊፎርኒያ ደቡብ፣ ከሜክሲኮ ወሰን ብዙም ሳይርቅ፣ ላ ሆያ በሚባለው የሳን ዲዬጎ ከተማ ክፍል፣ ምድሩ በድንገት በገደል ተቆርጦ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ በሚወርድበት ስፍራ ላይ፣ ዛሬ ከ40,000 በላይ ተማሪዎች የሚማሩበት የሳን ዲዬጎው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ሌሎች መካናተ ትምህርት አስቀድመው ወጣቶችን አስተምረው ሲጠነክሩ ምርምርን እንደሚጨምሩ የታወቀ ነው፤ የዚህኛው አመጣጥ ግን በተገላቢጦሽ ስለሆነ፣ የተማሪውን ኑሮ ለመረዳት የሚሻ ሰው ከባሕሩና ከመርማሪዎቹ ይጀምር ዘንድ ግድ ይሆንበታል።

እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1903 ዊልያም ሪተር የተባለ የሥነ እንስሳት መምህር፣ ኤለን ብራውኒንግ ስክሪፕስ የተባለች ባለጸጋ እመቤትና ወንድሟ በለገሱት ገንዘብ፣ የባሕር ፍጥረታትን የሚመረምርበት ትንሽ ጣቢያ አቋቋመ፤ ጣቢያውም በ1912 ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃልሎ፣ በ1925 የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ተብሎ ተሰየመ። ሙሉው ዩኒቨርሲቲ በ1960 ሲመሠረት የተቋሙ አለቃ የነበረው ሮጀር ሬቬል ሊቃውንቱ ቀድመው ይሰብሰቡ፣ ተማሪው በኋላ ይምጣ የሚል ሐሳብ ስለነበረው፣ እንደ ሃሮልድ ዩሪ ያሉ የኖቤል ተሸላሚዎችን አስመጣ፤ ማሪያ ጎፐርት ማየርም በ1963 የፊዚክስን ኖቤል ስትቀበል የዚሁ ቤት መምህርት ነበረች። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የገቡት ከዚያ በኋላ በ1964 ነው። ሬቬል የታገለው ሌላም ነገር ነበር፦ በላ ሆያ ለአይሁድ ቤት አለመሸጥ በደላሎች ዘንድ የጸና ልማድ ስለነበር፣ ይህ ልማድ ካልተሻረ ዩኒቨርሲቲው በዚያ ሊቆም እንደማይችል ለነዋሪዎቹ በግልጥ ነገራቸው። እኔ እንደማምነው፣ ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ይህ የሚያንስ አይደለም።

ከገደሉ በታች ወደ ባሕሩ ከ300 ሜትር በላይ ዘልቆ የገባ፣ በምሰሶዎች ላይ የቆመ ረጅም መሸጋገሪያ አለ። መጀመሪያ የተሠራው በ1916 ሲሆን አሁን ያለው በ1988 እንደ አዲስ የተሠራው ነው። ከዚያው ከ1916 ጀምሮ በዚህ መሸጋገሪያ ጫፍ ላይ የባሕሩ ውኃ ሙቀትና ጨዋማነት በየዕለቱ ሲለካ ኖሯል፤ ጦርነት መጣ፣ ሰላም ሆነ፣ መምህራን አረጁ፣ ሌሎች ተተኩ፣ ልኬቱ ግን ቀጠለ። በ2018 በኦገስት ወር ውኃው እስከዚያ ድረስ ከተመዘገበው ሁሉ በላይ በሞቀ ጊዜ፣ ይህን በእርግጠኝነት መናገር የተቻለው ቀድሞ የነበረው ከፍተኛ ልክ በ1931 ተጽፎ በመዝገብ ስለተቀመጠ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ውኃ ቀድቶ የሙቀት መለኪያውን ያነበበው ሰው የቁጥሩን ጥቅም ሳያይ አልፏል፤ እንዲህ ያለው ትጋት በዓለም ላይ ብርቅ ነው።

ከዚሁ መንፈስ የተወለደው ሁለተኛው ሥራ የዚሁ ተቋም መርማሪ የነበረው የቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ ነው። ኪሊንግ በ1958 በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ በአየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለካት ሲጀምር ልኩ ከሚሊዮን ወደ 315 እጅ ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ዕፅዋት በሚለመልሙበት ወራት ልኩ ዝቅ ሲል፣ በሚረግፉበት ወራት ከፍ ሲል፣ በዓመት በዓመቱም መስመሩ በጠቅላላው ወደ ላይ ሲወጣ የታየው ለዓመታት ሳይታክት ስለ ለካ ነው። ገንዘብ ጎድሎ በ1964 ለጥቂት ወራት ከተቋረጠ በኋላ እንደገና ተቀጥሏል፤ እሱ በ2005 ሲሞትም ልጁ ራልፍ ሥራውን ያዘ።

እንግዲህ በዚህ በትዕግሥት አገር የሚኖረው ተማሪ ራሱ የሚኖረው በጥድፊያ ነው። የትምህርቱ ዘመን በሦስት ኳርተር ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ዐሥር ሳምንት ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያም አንድ የፈተና ሳምንት ስለሚከተል፣ መጽሐፉን ገዝቶ ሳያገላብጥ የአጋማሽ ፈተና ይደርስበታል፤ በሁለተኛው ሳምንት ታሞ የተኛ ሰው በአራተኛው ከጓደኞቹ እኩል ለመሆን ይቸገራል። በጎ ጎኑ በዓመት ብዙ ልዩ ልዩ ትምህርት መቅመስ መቻሉ ነው፤ ጉዳቱ ግን አንድን ነገር አብላልቶ ለማሰብ ፋታ ማጣቱ ነው፤ በእኔ ግምት ጉዳቱ ይበልጣል።

ቤቱ አንድ ሆኖ ሳለ በስምንት ኮሌጆች የተከፈለ ነው፤ አሳቡ ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ የተወሰደ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሬቬል፣ ሁለተኛው ሙር ይባላል። ኮሌጁ የጥናቱን ዓይነት አይወስንም፤ ከየትኛውም ኮሌጅ ሆኖ ሕይወታዊ ሳይንስንም ምሕንድስናንም ማጥናት ይቻላል። የሚለያዩት ሁሉም ተማሪ ሊወስደው በሚገባው የጋራ ትምህርት ነው፤ ሬቬል የሥነ ሰብእ ትምህርትንና ሒሳብን ጠበቅ አድርጎ ሲያስገድድ፣ ሙር ለተማሪው ምርጫ ሰፊ ሜዳ ይተዋል። አንድ ደቀ መዝሙር ቅኔውን ከአንዱ መምህር፣ ዜማውን ከሌላው እየተማረ በአንድ ጉባኤ ቤት ቢያድር የሚሆነውን ይመስላል።

ግቢው በባሕር ዛፍ የተሞላ ነው፤ እኛም ከአውስትራሊያ የተቀበልነው ያ ዛፍ በዚያም እንግዳ ሆኖ ገብቶ እንደ አገሬው ዛፍ ሆኗል። በመካከሉ በ1970 የተከፈተው፣ ዊልያም ፔሬራ የነደፈው የጋይዝል ቤተ መጻሕፍት፣ ከታችና ከላይ ጠቦ በመካከሉ ሰፍቶ በኮንክሪት እግሮች ላይ ቆሟል፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ጸጥታው እየጸና ይሄዳል። ወደ ምዕራብ ገደሉን የወረደ ተማሪ ደግሞ ሳንቃውን ይዞ በማዕበል ላይ ይንሸራተታል። በዚያ ሞገዱ የሚበረታው ከውኃው በታች ያለው ጥልቅ ሸለቆ ኃይሉን ወደ አንድ ስፍራ ስለሚያጠራቅመው ነው። ሞገድን አስቀድሞ የመተንበይን ጥበብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለመርከብ ወታደሮች ያበጁት የስክሪፕሶቹ ሃራልድ ስቨርድሩፕና ዋልተር መንክ ነበሩ፤ ስለዚህ ጠዋት ባሕሩ ምን ይመስላል ብሎ ትንበያ የሚያይ ተንሸራታች፣ ሳያውቀው የዚያው ቤት ደቀ መዝሙር ነው።

ደስታቸውም ቢሆን ከልኬት አይለይም። በ1965 በፊዚክስ ፈተና ላይ ከቀረበ ጥያቄ ተነሥቶ፣ በየዓመቱ የትምህርት ዘመኑ ሊዘጋ ሲል ከዩሪ አዳራሽ ሰባተኛ ፎቅ ሐብሐብ ይወረወራል፤ ፍርካሹም ምን ያህል እንደ ራቀ በሜዳው ላይ ይለካል። ከዚህ ሁሉ ጋር የቤት ኪራይ በላ ሆያ እጅግ ውድ ስለሆነ፣ ብዙው ተማሪ ርቆ ተከራይቶ በአውቶቡስና በባቡር መመላለሱ እውነተኛ ሸክም መሆኑን መሸሸግ አይገባም።

በሳን ዲዬጎ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጃቸው በዚህ ቤት ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚጨነቁት ስለ ውጤቱ ነው፤ እኔ ግን ልጁ አስቀድሞ መምህራኑ ለተማሪ ጥያቄ በመደቡት ሰዓት ገብቶ እንዲያነጋግራቸው እመክራለሁ። ምክንያቱም መምህሩ ከፈቀደ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪም በ199 ቁጥር በሚታወቀው ለብቻ የሚጠና ትምህርት ተመዝግቦ በቤተ ሙከራ ከመርማሪዎች ጋር ይሠራል፤ ለምርምር በተመሠረተ ቤት ገብቶ ከክፍሉ ውጭ ያለውን ሳያይ የሚመረቅ ተማሪ የከፈለበትን ዋነኛ ነገር ትቶ ይወጣል።