«ባረቀብኝ» የሚለው ቃልና መዶሻ አልባው ሽጉጥ

በአማርኛችን ጥይት ያለ ያዡ ፈቃድ ሲወጣ «ሽጉጡ ባረቀ» እንላለን። አነጋገሩ የድርጊቱን ባለቤት ከሰው ወደ መሣሪያ ያዞረዋል። ለሕግ ግን ጉዳዩ እዚያ ላይ አያበቃም፤ የባረቀው በያዡ ቸልተኝነት ነው ወይስ በአሠራሩ ጉድለት? ይህን ለመመለስ በቅድሚያ የመሣሪያውን ውስጥ ማየት ያስፈልጋል።

በብዙዎቹ የቀድሞ ሽጉጦች ከኋላ የሚታይ መዶሻ አለ። መዶሻው ወደ ኋላ ተስቦ ከቆመ መሣሪያው የተቀባበለ መሆኑን ዓይን ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1982 የኦስትሪያ ጦር የተቀበለው፣ የጋስተን ግሎክ ሥራ የሆነው ግሎክ 17 ግን የሚታይ መዶሻ የለውም። በምትኩ በውስጡ በሞላ የሚገፋ መርፌ አለ፤ ቃታው ሲሳብ መርፌው ይለቀቅና ጥይቱን ከኋላው ይመታል። በእጅ የሚዘጋ መቆለፊያ በአብዛኛው አይኖረውም። ጥበቃው በሦስት ነገሮች ላይ ያረፈ ነው፤ በቃታው ላይ ባለች ትንሽ ምላስ፣ የመርፌውን መንገድ በሚዘጋ ማገጃና ሽጉጡ ሲወድቅ መርፌው እንዳይለቀቅ በሚይዝ ክፍል። ሦስቱም የሚከፈቱት ቃታው ሲሳብ ነው። ችግሩ ግን ቃታ ጣትን ከጃኬት ገመድ አይለይም። ከዚህም በላይ ግሎክን ፈታቶ ለማጽዳት አስቀድሞ ቃታውን መሳብ ግድ ስለሆነ፣ የጎረሰ ጥይት መኖሩን ሳያዩ የሳቡ ሰዎች ተጎድተዋል።

ከዚህ የሚለየው ሲግ ሳወር እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ያቀረበው ፒ320 ነው። በግሎክ መርፌው በከፊል ብቻ ተወጥሮ ስለሚቀመጥ ቀሪውን ውጥረት የሚሞላው የቃታው መሳብ ነው። በፒ320 ግን መርፌው ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ተወጥሮ ይጠብቃል። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 ይህንኑ ሽጉጥ የእጅ መቆለፊያ አክሎበት መረጠው። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ግን በሲቪል ገበያ ያለው ፒ320 በተወሰነ አቅጣጫ ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል ታወቀ፤ ከባድ የነበረው ቃታ በመውደቁ ኃይል ራሱን ወደ ኋላ ይስብ ነበር። ኩባንያው በፈቃደኝነት ቀላል ቃታና ሌሎች ማሻሻያዎችን አቀረበ።

ክርክሩ ግን በዚህ አልቆመም። በርካታ ፖሊሶችና ግለሰቦች «ቃታውን ሳልነካ ከማኅደሩ ውስጥ ባረቀብኝ» እያሉ ከሰሱ፤ ኩባንያው ደግሞ ያለ ቃታ መሳብ አይተኩስም በማለት ተከራከረ። በጆርጂያ አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኞች ጉባዔ እ.ኤ.አ. በ2024 ለከሳሹ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ወሰነ። በሌሎች መዝገቦች ኩባንያው ረትቷል።

ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት የሚጎርፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ስለ አሻንጉሊትና ስለ መጥበሻ ሲያዝ፣ እ.ኤ.አ. የ1972ቱ ሕግ ጠመንጃና ሽጉጥን ከሥልጣኑ አውጥቶበታል። በመሆኑም ጉድለት ያለበት ሽጉጥ ከገበያ እንዲሰበሰብ ሊያዝ አይችልም። እ.ኤ.አ. የ2005ቱ ሕግም አምራቾችን ከብዙ ክሶች ቢከላከልም፣ ለዲዛይንና ለአመራረት ጉድለት በር ትቷል። ተጎጂው የቀረው ይህ በር ብቻ ነው።

ይሁንና «ባረቀብኝ» ሁልጊዜ እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 በዋዮሚንግ የጦር ሠፈር አንድ የአየር ኃይል ባልደረባ በዚሁ ዓይነት ሽጉጥ ሲሞት፣ የሚመለከተው ዕዝ መሣሪያውን አገደ። በቀጣዩ ወር ግን ሌላ ባልደረባ በሰው መግደልና በሐሰት ቃል ተጠርጥሮ ተያዘ፤ ሽጉጡም ከፍተሻ በኋላ ወደ ሥራ ተመለሰ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ለመርማሪ ነው፤ ሽጉጡ ከነማኅደሩ ማንም ሳይፈታው ተይዞ በባለሙያ ሳይመረመር፣ ያዡን ጥፋተኛም ንጹሕም ማለት ተገቢ አይደለም። ሁለተኛው ለያዡ ነው፤ ካዝናው ወጣ ማለት ሽጉጡ ባዶ ነው ማለት አይደለም። መጀመሪያ ካዝናውን ማውጣት፣ ከዚያ የጎረሰውን ጥይት ማስወጣት፣ በዓይንም በጣትም ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አፈሙዙ ወደ ሰው አይዞርም። መሣሪያው ጉድለት ቢኖርበት እንኳ ሕይወት የሚያተርፈው ይህ የመጨረሻው ደንብ ነው።