ከመርዝ ውስጥ የወጣ መድኃኒት

በባሕር ዳርና በጎንደር መንገድ ላይ ባለችው ይፋግም ሆነ በደጋማዋ ደብረ ታቦር ሸረሪትን የማያውቅ ቤት የለም። ቆዳ በድንገት ውኃ ቋጥሮ ሲቆስል «ሸረሪት ሸናችበት» ይባላል፤ እርሷም በታየችበት በጫማ ትደመሰሳለች። እውነቱ ግን ሸረሪት አደኗን የምትጥለው በሽንት ሳይሆን ስትነክስ በምታስገባው መርዝ ነው። አብዛኞቹ ሸረሪቶችም ሰውን የመጉዳት አቅም የላቸውም።

ተመራማሪዎች ይህን መርዝ ሲመረምሩ በውስጡ ብዙ ልዩ ልዩ ጥቃቅን ፕሮቲኖችን አገኙ። እያንዳንዱ እንደ ቁልፍ ነው፤ በነርቭ ላይ ያለውን የራሱን በር ይዘጋል ወይም ይከፍታል። ትልን የሚገድለው ንብን ላይጎዳ ይችላል። ስለዚህም በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በአንዲት የአውስትራሊያ ሸረሪት መርዝ ላይ የተመሠረተ ፀረ ተባይ ተፈቀደ። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ከሌላ ሸረሪት ያገኙትን ፕሮቲን ስትሮክ በደረሰባቸው አይጦች ላይ ሞከሩ፤ ከ8 ሰዓት በኋላ እንኳ ሲሰጣቸው የአንጎላቸው ጉዳት ቀነሰ። ይህ ገና በምርምር ላይ ያለ ነው።

ከመርዝ ተነሥቶ እስከ ቤታችን የደረሰ መድኃኒት ግን አለ። የአንድ የብራዚል እባብ መርዝ የደም ግፊትን እንደሚያወርድ ታወቀ፤ ሊቃውንት ያንን አሠራር ተከትለው ካፕቶፕሪል የተባለውን ኪኒን ሠሩ፤ በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቀደ። በአገራችን የሚታዘዘው ኢናላፕሪልም የዚሁ ወገን ነው። በኪኒኑ ውስጥ መርዝ የለም፤ የተወሰደው ጥበቡ ነው።

ወገኖች ሆይ፣ ይህ ጉዳይ ትዳራችንን ይነካል። የደም ግፊት ሳያሳምም ይቆይና በአንድ ቀን ስትሮክ ሆኖ ይገለጣል። አንዳንዶች ከተጸለየላቸው በኋላ «ተፈውሻለሁ» ብለው ኪኒናቸውን ይጥላሉ። ጸሎትና መድኃኒት ግን ባላጋራዎች አይደሉም፤ የወንጌሉ ጸሐፊ ሉቃስም ሐኪም ነበር። ጌታ የፈወሰው ሰው ግፊቱን ቢያስለካ የሚያጣው ነገር የለም፤ ኪኒኑም የሚቆመው በሐኪም ቃል ነው።

ባሎች፣ የሚስቶቻችሁን ኪኒን አስታውሱ፤ ሚስቶችም እንዲሁ። ኢናላፕሪል የምትወስድ እህት ልጅ ለመውለድ ካሰበች አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር፤ መድኃኒቱ ፅንስን ይጎዳልና።

በምንንቃት ፍጥረት ውስጥ እንኳ ጥበቡን ያኖረ አምላክ ቤታችሁን በጤና ይጠብቅ።