የራስ ስም በኢንተርኔት ላይ፦ ድረ ገጽ ለአነስተኛ ንግድ ምን ይሠራል?

በ2015 ዓ.ም. የካቲት መጀመሪያ ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ተዘጉ። እስከ ሐምሌ ድረስ ቪፒኤን ያልጫነ ሰው ሊከፍታቸው አልቻለም። ተራ ድረ ገጾች ግን እንደ ወትሮው ይሠሩ ነበር። ከዚያ በፊትም፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021፣ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ከመላው ዓለም ጠፍተው ነበር። ያኔ የዘጋቸው አልነበረም፤ ኩባንያው በጥገና ላይ ሳለ በተፈጠረ ስህተት የገዛ ሰርቨሮቹን ከኢንተርኔት ቆረጠ።

ሥራውን ሁሉ በቴሌግራም ቻናል ላይ ያደረገ ነጋዴ በሰው ግቢ የተከራየ ሰው ነው። ደንበኛ ይገባለታል፣ ይሸጣል፤ በሩን የሚቆልፈው ግን ሌላ ነው። ቻናል መክፈት ስህተት ነው ማለቴ አይደለም። በነጻ የሚገኝ፣ ከደንበኛ ጋር በቅጽበት የሚያነጋግር ነገር ማን ይንቃል? ጥያቄው ከጎኑ ምን አለ ነው።

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ እናስብ። ድረ ገጽ ስትከፍት መጀመሪያ የምታገኘው ዶሜይን የሚባለውን ስም ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለ ሰርቨር ሁሉ የሚታወቀው በቁጥር ነው። ድሮ የኮምፒውተሮቹ ስምና ቁጥር ዝርዝር ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ የምርምር ተቋም በአንድ ፋይል ይያዝ ነበር፤ የፈለገ ከዚያ ይገለብጣል። ኮምፒውተሮቹ ሲበዙ ይህ አላዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የሚባል አሜሪካዊ ዝርዝሩን በዓለም ዙሪያ ለብዙ ሰርቨሮች የሚያከፋፍል ዘዴ ነደፈ፤ ዲኤንኤስ ይሉታል። ዛሬ ደንበኛ ስሙን ስትጽፍ ስልኳ «የዚህ ስም ቁጥር ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ይዞ ወደ ሱቁ ይሄዳል፤ ሁሉም ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ። ለነጋዴዋ የሚጠቅማት ከስሙ ጀርባ ያለው ቁጥር መለወጥ መቻሉ ነው። ገጹን የሚያስቀምጥላት ድርጅት ዋጋ ቢጨምርባት ወደ ሌላ ትዛወራለች፤ በካርዷና በፌስታሉ ላይ የታተመው ስም እንዳለ ይቆያል።

ስም መያዝ ብቻውን ገበያ አያመጣም፤ መገኘት ያስፈልጋል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ሙሽራ ለመልስ ቀሚስ ስትፈልግ ሽሮ ሜዳ የምታውቀው ነጋዴ ላይኖር ይችላል። ጎግልን ትጠይቃለች። ጎግል ግን በዚያች ሰዓት ዓለምን ዞሮ አይፈልግም። ፕሮግራሞቹ አስቀድመው ከሊንክ ወደ ሊንክ እየዘለሉ ገጾችን አንብበዋል፤ የትኛው ቃል በየትኛው ገጽ እንዳለም መዝግበዋል። የሚታየው ውጤት የሚወጣው ከዚያ መዝገብ ነው። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ጎግልን ሲመሠርቱ የያዙት ዋና ሐሳብ ደግሞ ሌሎች ገጾች ሊንክ የሰጡት ገጽ ይበልጥ ይታመናል የሚል ነበር። በቴሌግራም ቻናል ውስጥ የሚለጠፈው ግን እዚህ መዝገብ ውስጥ እምብዛም አይገባም፤ ዋጋና መጠን በፎቶ ላይ ተጽፎ ሲለጠፍ ደግሞ ይብሳል።

እዚህ ላይ የእኛ ፊደል የራሱ ጣጣ አለው። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው፤ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚያ ሰንጠረዥ ሀ 4608 ሲሆን ሐ 4624 ነው። ለጆሮ አንድ የሆኑት «ሀበሻ» እና «ሐበሻ» ለኮምፒውተሩ ሁለት ቃላት ናቸው፤ አንድ አድርጎ እንዲያያቸው ካልተሠራ በቀር ይለያያቸዋል። ስለዚህ ነጋዴዋ በገጿ ላይ ሁለቱንም አጻጻፍ ብታስገባ ይሻላታል። ውጭ አገር ያለው ብዙ ሰው በላቲን ፊደል ስለሚጽፍ እሱንም ብትጨምር አትጎዳም። የሰዋስው መምህሬ ይህን ምክር ቢያነቡ ይቆጡኝ ነበር።

ከመገኘት ቀጥሎ ያለው መታመን ነው። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት፣ ሻጭ የዕቃውን ጉድ እያወቀ ገዢ በማያውቅበት ገበያ ደህናው ዕቃም ጭምር ዋጋ እንደሚያጣ አሳየ፤ ምሳሌው ያገለገለ መኪና ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ሆነ። የእኛ የኦንላይን ገበያ ይህን ጥርጣሬ ራሱ ይጠራዋል፦ «ዋጋ በውስጥ መስመር»። ገዢው ይህን ሲያነብ ዋጋው እንደ ሰዉ ሁኔታ ይቆረጣል ብሎ ነው የሚያስበው፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም። ጥለቱ በእጅ የተሠራ ይሁን በማሽን፣ ጨርቁ ፈትል ይሁን ሽፎን፣ ልኬት ቢሳሳት ማን እንደሚያስተካክል፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ በግልጽ ያሰፈረ ገጽ ክርክሩን ግማሽ ያቀለዋል። አጭበርባሪም ያማረ ድረ ገጽ ይሠራል፤ የሱቅ ቁጥርና የሚነሳ ስልክ ማስቀመጥ ግን ይከብደዋል።

ለሁሉም ያስፈልጋል አልልም። ለሰፈሩ ዳቦና ዘይት የሚሸጥ ሱቅ ድረ ገጽ ቢከፍት ወጪ ነው። ሊያስፈልግ የሚችለው ከማያውቁት ሰው ጋር ለሚገበያዩ ነው፦ ለአስጎብኚ፣ ለቤት ዕቃ ሠሪ፣ ለቡና ላኪ፣ ለእንግዳ ማረፊያ።

ሲሠራም ቀላል ይሁን። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ሊመዝን ይችላል፤ አሥሩ እንዳለ ከተጫነ ገጹን ለማየት ብቻ 40 ሜጋባይት ከደንበኛ ጥቅል ይቆረጣል፤ እስኪከፈትም ማንም አይጠብቅም። ፎቶዎቹ ተጨምቀው እያንዳንዳቸው ወደ 150 ኪሎባይት ቢወርዱ ሁሉም በአንድ ሜጋባይት ተኩል ያልቃሉ፤ በስልክ ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ ዶሜይኑ በማን ስም ተመዘገበ የሚለው ነው። ገጹን የሠራው ባለሙያ በራሱ ኢሜይል ካስመዘገበው፣ የተጣሉ ቀን ስሙ ከእሱ ጋር ይሄዳል። ምዝገባው በየጊዜው ይታደሳል፤ የእፎይታ ጊዜው ካለፈ ስሙን የፈለገ ሰው ሊገዛው ይችላል፤ መልሶ በውድ ለመሸጥ ይህን የሚጠብቁም አሉ።