ኮምፒዩተር ቢነግድም ሒሳቡን ሰው ይወቀው

«ፕሮግራም ጽፎ አክሲዮን መነገድ ይቻላል» የሚል ወሬ በመካከላችን በርክቷል። ለመሆኑ ነገሩ ምንድን ነው? ያለ አስተማሪስ ይገባበታል ወይ? ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

አልጎሪዝም ማለት ደረጃ በደረጃ የተጻፈ መመሪያ ነው። «ዋጋው ካለፉት 50 ቀናት አማካይ ሲበልጥ ግዛ፣ ሲያንስ ሽጥ» ብለን ብንጽፍ ኮምፒዩተሩ ሳይፈራና ሳይጎመጅ ይፈጽማል። መመሪያው ትክክል መሆኑን ግን አይነግረንም።

በግል ጥረት የተሳካላቸው አሉ። አሜሪካዊው የሒሳብ መምህር ኤድዋርድ ቶርፕ ፎርትራን የተባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ ራሳቸውን አስተምረው በመጀመሪያ የካርታ ጨዋታን ዕድል አሰሉ፤ ቀጥሎም ስሌቱን ወደ አክሲዮን ገበያ አዞሩት። እ.ኤ.አ. በ1969 የራሳቸውን ድርጅት ሲያቋቁሙ ግን ሒሳቡን አስቀድመው ያውቁት ነበር።

ጀማሪ የሚሳሳተው የት ላይ ነው? መመሪያውን ባለፈው ዘመን ዋጋ ይፈትነዋል፤ ካልሠራለት እስኪሠራ ድረስ ይለዋውጠዋል። በክፍል የሠራነውን ጥያቄ እንዳለ ለፈተና ብናወጣ የምንለካው የተማሪውን ትውስታ እንጂ መረዳቱን አይደለም። ይኸም እንደዚያው ነው። 1,024 ሰዎች ሳንቲም አሥር አሥር ጊዜ ቢወረውሩ፣ በአማካይ አንዱ አሥሩንም ጊዜ ጎፈር ያወጣል። ታዲያ ሰውየው አዋቂ ነው እንዴ? ብዙ መመሪያ የሞከረም አንዱ በዕድል ያምርለታል። መፍትሔው የመጨረሻዎቹን ዓመታት ዋጋ እንደ ፈተና ወረቀት ቆልፎ ማስቀመጥና መመሪያው ካለቀ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ መፈተን ነው።

ሁለተኛው ወጪ ነው። 1,000 ዶላር ያለው ሰው ለመግዣና ለመሸጫ በአንድ ዙር 2 ዶላር ቢከፍል ትንሽ ይመስላል። ገበያው በዓመት 250 ቀን ያህል ክፍት ነውና፣ በየቀኑ አንድ ዙር ከነገደ 500 ዶላር፣ ማለትም የካፒታሉ ግማሽ፣ ለወጪ ይሄዳል።

ሦስተኛው የፕሮግራም ስሕተት ነው። ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 አዲስ ፕሮግራም ከ8 ኮምፒዩተሮች በአንዱ ላይ ሳይጫን በመቅረቱ፣ በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ባለሙያ የሞላበት ድርጅት እንዲህ ከሆነ ብቻውን የሚሠራ ሰው ምን ያህል ይጠንቀቅ!

ስለዚህ መጀመሪያ ስታቲስቲክስና ፕሮግራም መጻፍ፣ ቀጥሎ በወረቀት ላይ ያለ ገንዘብ መለማመድ፣ በመጨረሻ ቢጠፋ በማይጎዳ ገንዘብ መሞከር ይበጃል። «ትርፉ የተረጋገጠ ፕሮግራም እንሽጥላችሁ» የሚሉንን ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቃቸው፦ እንዲህ የሚያተርፍ ከሆነ የእኛን የኪስ ገንዘብ ለምን ፈለጋችሁት?