የሴፍቲኔት ብር ሲቀር ገበያው ምን ይሆናል?

በድርቅ በሚጠቁ ወረዳዎች የሴፍቲኔት ክፍያ የገባበት ሳምንት ገበያው ያስታውቃል። ጨው፣ ሳሙና፣ ቡናና በርበሬ ይሸመታል፤ ወፍጮ ቤቱ እስኪመሽ ይፈጫል፤ ባለሱቁ የዱቤ ደብተሩን አውጥቶ ስም እየጠራ ይሰርዛል። ክፍያው ሁለት ወር ከዘገየ ደግሞ ደብተሩ ይሞላል፤ ባለሱቁ ራሱ የጅምላ ነጋዴው ባለዕዳ ይሆናል። ይህ ባለሱቅ ከመንግሥት አንድ ብር ተቀብሎ አያውቅም፤ የበጀት መጉደል ግን እሱንም ያገኘዋል።

ልማታዊ ሴፍቲኔት የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት በደረሰው ድርቅ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆኖ ነበር። በየዓመቱ የእርዳታ ጥሪ ማሰማት፣ እህሉ እስኪደርስም ገበሬው በሬውን ሲሸጥ ማየት መንግሥትንም ለጋሾችንም አሰልችቷል። ስለዚህ የምግብ እጥረት የማይለያቸው ቤተሰቦች እንዲመረጡና ድጋፉ አስቀድሞ በታወቀ ጊዜ እንዲደርሳቸው ተወሰነ። ጉልበት ያላቸው በዓመት ለስድስት ወር ያህል እርከን ይሠራሉ፣ ኩሬ ይቆፍራሉ፣ መንገድ ይጠርጋሉ። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር የአምስት ቀን ሥራ ይታሰባል፤ ክፍያው በብር ወይም በእህል ነው። አቅም የሌላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። የተጠቃሚዎቹ ቁጥር እያደገ ሄዶ ወደ 8 ሚሊዮን ተጠግቷል።

እንዲህ ያለ ገንዘብ ገጠር ከገባ በኋላ የት እንደሚደርስ ትግራይ ውስጥ ተጠንቷል። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ በሕንጣሎ ወጀራትና በዓብይ ዓዲ ለድሃ ቤተሰቦች ወርሃዊ ድጋፍ መስጠት ተጀምሮ ነበር። ጉዳዩን የተከታተሉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች እንዳሰሉት፣ ለአንድ ቤተሰብ የተሰጠ 1 ብር በሕንጣሎ ወጀራት 2.52 ብር፣ በዓብይ ዓዲ ደግሞ 1.35 ብር የአካባቢ ገቢ ይፈጥራል። ከጎረቤት የተገዛ ዶሮ ብሩን እዚያው ያዞረዋል፤ ከሩቅ ከተማ የመጣ ዘይት ይዞት ይሄዳል። ከዚህ የሚገኘው ተጨማሪ ገቢ በአብዛኛው የሚደርሰው ተረጂዎቹን ሳይሆን የሚሸጥ እህል፣ በግ ወይም ሱቅ ያላቸውን ጎረቤቶቻቸውን ነው። በእርግጥ ገበያው ተጨማሪ ምርት ማቅረብ ካቃተው ዋጋ ይንራል፣ ጥቅሙም ይቀንሳል። ያም ሆኖ ስሌቱ ለሚቀነሰው ብርም ይሠራል፤ ከአንድ ቤተሰብ የቀረ 1 ብር ከመንደሩ የሚያጎድለው ከ1 ብር በላይ ነው።

ድጋፍ ሲቀነስ ሁልጊዜ በአዋጅ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚቀንሰው ማንም ሳይወስን፣ በኑሮ ውድነት ነው። የቀን ክፍያው በ1997 ዓ.ም. 6 ብር ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. 8፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 10 ብር ሆነ። በ2000 ዓ.ም. ግን የእህል ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ እጥፍ ሲጠጋ፣ 2 ብር ጭማሪ የትም አላደረሰም። ጥሬ ገንዘብ ይሻለናል ሲሉ የነበሩ ቤተሰቦች እህል ይሰጠን ማለት የጀመሩት ያኔ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቆ ብር ሲረክስ፣ በተቆረጠ ብር የሚከፈለው ሰው ሁሉ ያው ጭንቀት ገጥሞታል።

ድጋፍ የሚቀንስበት ሁለተኛው መንገድ ምረቃ ነው። ጥሪት አፍርቷል የተባለ ቤተሰብ ከዝርዝሩ ይወጣል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ችግሩ ስንት ሰው ማስመረቅ እንዳለባቸው ከላይ ቁጥር የወረደላቸው ኃላፊዎች ሁለት ፍየልና የቆርቆሮ ጣሪያ አይተው ለመፍረድ መቸኮላቸው ነው። ከዝርዝሩ ውጭ መሆን ከችግር ውጭ መሆን አይደለም፤ በ2008 ዓ.ም. የኤልኒኖ ድርቅ ሲመጣ ከሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ሌላ 10.2 ሚሊዮን ሰዎች አስቸኳይ እርዳታ አስፈልጓቸዋል።

ክፍያ የተቋረጠበት ቤተሰብ መጀመሪያ የሚነዳው ወደ ፍየሏ ነው። ግን ብቻውን አይደለም፤ በዚያው ሳምንት የቀበሌው ግማሽ ፍየሉን ገበያ ያወጣል። ሻጭ ሲበዛ የፍየል ዋጋ ይወርዳል፣ ሸማች ሲበዛ የማሽላ ዋጋ ይወጣል። ሴፍቲኔት ውስጥ ያልነበረው አርቢ፣ ለልጁ ደብተርና ዩኒፎርም ብሎ ያቆያትን ፍየል በዚያው በወረደ ዋጋ ይሸጣል። ሴፍቲኔት ሰውን እጅ ጠባቂ ያደርጋል የሚለው ክርክር ከጅምሩ አብሮት የኖረ ነው። ተከራካሪዎቹ ይህን የገበያ ቀን ቢያዩት ምን እንደሚሉ መስማት ደስ ይላል።

ከሥራ መቀነስም የሚያስከትለው ጉዳት ተመሳሳይ ነው፤ የሚጀምረው ግን ከወረዳ ከተማው ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ፣ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የኮንትራት ጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ አደረገ። ብዙዎቹ በኤችአይቪና በወባ ሥራ ላይ የተሰማሩ ነበሩ። ቁጥሩ ለአገር ትንሽ ነው፤ ለአንዲት ትንሽ ከተማ ግን ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው ብርቅ ነው። ክፍል የሚከራይ፣ ምሳውን ምግብ ቤት የሚበላ፣ ለወላጆቹ ገጠር የሚልክ፣ እቁብ ውስጥ ሁለት እጅ የገባ እሱ ነው። ዕጣ ደርሶት ብሩን ከወሰደ በኋላ ሥራው ቢቋረጥ ዋሱ ይጠየቃል፤ ዋሱ ደግሞ እንደሱው ደመወዝተኛ ከሆነ እቁቡ ይናጋል። ወባ የሚነሳበት ወር ሲደርስ ደግሞ ጤና ጣቢያው በሰው ማነስ ይቸገራል፤ ገበሬው በአጨዳ ወቅት ታሞ ይተኛል፣ ወይም ገንዘብ ቋጥሮ ለሕክምና ሩቅ ከተማ ይሄዳል።

ዛሬ የሴፍቲኔት የቀን ክፍያ በየዓመቱ በሚደረግ የገበያ ዋጋ ጥናት ይታያል፣ በብዙ ወረዳዎችም ክፍያው በባንክና በሞባይል ተጀምሯል። በየቀበሌው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ ከዝርዝሩ ያለአግባብ ተሰረዝኩ የሚል ሰው እዚያ ይከራከራል። የክፍያው መጠንና መዘግየት፣ የለጋሽ ገንዘብ መቋረጥ ግን ከቀበሌው በላይ የሚወሰኑ ናቸው፤ ባለወፍጮውና ባለሱቁም ተጠቃሚ ስላልሆኑ ለኮሚቴው የሚያቀርቡት አቤቱታ የለም።