በተሞላ ጥርስ ላይ ብሬስ ስለ መለጠፍ

ጥርሱ የተጣመመ ወይም የተደራረበ ሰው ብሬስ በሚባለው ሽቦ ሊያቃና ወደ ሐኪም ሲሄድ በየጥርሱ ፊት የምትለጠፍለት ትንሽ ቁራጭ፣ ብራኬት የምትባለው፣ ጥርሱን በራሷ የምትገፋ ሳትሆን የሽቦውን ኃይል ተቀብላ ለጥርሱ የምታደርስ ናት፤ ስለዚህም ሁለት ዓመት ያህል ለሚፈጀው ሕክምና ሁሉ መሠረቱ በብራኬቲቱና በጥርሱ መካከል ያለው እጅግ ስስ የሆነ ማጣበቂያ ነው።

ቀድሞ እያንዳንዱ ጥርስ በብረት ቀለበት ይታሰር ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1955 ዓ.ም. ግን በኒውዮርክ ግዛት በሮቼስተር ከተማ ይመራመር የነበረው ማይክል ቡኦኖኮር የጥርስን ገለፈት በ85 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ለ30 ሰከንድ ቢያረጥበው ሙጫው አጥብቆ እንደሚይዝ ገለጸ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላም ጆርጅ ኒውማን ብራኬትን በቀጥታ በጥርስ ላይ ስለ መለጠፍ ጽፎ አሳተመ። ዛሬ የተለመደው አሲድ 37 በመቶ ገደማ ነው። ገለፈት ከክብደቱ 96 በመቶው ማዕድን ስለ ሆነ አሲዱ በላዩ ረቂቅ ቀዳዳዎችን ይከፍታል፤ ታጥቦ ሲደርቅም ጥርሱ ወዙን አጥቶ ነጭና ፈዛዛ ሆኖ ይታያል፤ ፈሳሹ ሙጫ በእነዚያ ቀዳዳዎች ሰርጎ ሲጠነክር የሚገኘው አያያዝ የባሕርይ ውሕደት ሳይሆን ሥር እንደ መስደድ ያለ ነው።

ዳሩ ግን ጥርሱ የተሞላ ከሆነ ይህ ሥርዓት ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱም አሲዱ ሙሌቱን ያጸዳዋል እንጂ ቀዳዳ አይከፍትበትም። ኮምፖዚት የሚባለው፣ የጥርስ መልክ ያለው ሙሌት፣ ከሙጫና ከደቃቅ የመስተዋት ዱቄት የተቀመመ ነው፤ አዲስ ሳለ ከሚቀጥለው ንብርብር ጋር የሚጣመር ኃይል ሲኖረው፣ በአፍ ውስጥ ዘመናት ከቈየ በኋላ ግን ያ ኃይል ይመነምናል፣ ከምራቅም ውኃ ይመጥጣል። ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ ፊቱን ያሻክረዋል፤ ይኸውም በአልማዝ መሰርሰሪያ፣ ወይም 50 ማይክሮን ያህል በሆነ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት በአየር ግፊት በመንፋት ነው። ከዚያም ሲሌን የሚባል ፈሳሽ ይቀባል፤ ይህም በአንድ ወገኑ መስተዋቱን፣ በሌላው ወገኑ ሙጫውን የሚይዝ አስታራቂ ነው።

ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ባዜቃ፣ ቀሪው ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ የሆነው አማልጋም አሲድም ሲሌንም አይረዳውም፤ ዱቄት ይነፋበታል፣ ለብረት የተዘጋጀ ቅባት ይቀባል፤ እንዲህም ተደርጎ አያያዙ ብዙውን ጊዜ ከገለፈት ያነሰ ነው። ለኋላ ጥርስ የቀደመው የብረት ቀለበት ዛሬም የሚመረጥበት ጊዜ አለ፤ በእኔ አስተያየትም ከዚህ ምርጫ የሚያሳፍር ነገር የለም።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ጥርስን እንደ ቆብ የሚሸፍነው አክሊል የሚሠራበት ፖርሰሊን ነው። ወዙን የሚሸረሽረው 9.6 በመቶ ያህል የሆነ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ሲሆን፣ ይህ አሲድ ሥጋን ዘልቆ የሚያቃጥል ስለ ሆነ ድዱና ከንፈሩ በላስቲክ ተጋርደው፣ በመምጠጫ እየተጠበቀ፣ በሚገባም ታጥቦ እንጂ በቸልታ የሚነካ አይደለም። ዚርኮንያ የሚባለው አክሊል ደግሞ መስተዋት የለበትምና ይህ አሲድም ሆነ ሲሌን ብቻውን አይፈይደውም፤ ዱቄት ተነፍቶበት የፎስፌት ባሕርይ ያለው ቅባት ይቀባል።

ከዚህ ሁሉ የተነሣ ማጣበቂያው በበረታ ቍጥር ይሻላል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ለሕክምናው ከ6 እስከ 8 ሜጋፓስካል ያህል ጥንካሬ እንደሚበቃ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲጠቀስ ኖሯል፤ ከልክ ያለፈ ከሆነ በመጨረሻ ብራኬቲቱ ስትነሣ ፖርሰሊኑን ትሰነጥቃለች፣ ሙሌቱንም ትገምሳለች። እንግዲህ ጥበቡ ሁለት ዓመት እንዲይዝ፣ በቀጠሮው ቀን ግን ያለ ጉዳት እንዲለቅ አድርጎ መለጠፍ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ብሬስ ሊታሰርልህ የሄድህ እንደ ሆነ የትኛው ጥርስህ እንደ ተሞላ፣ መቼና በምን እንደ ተሞላ፣ አክሊል የገባበትም ካለ ሥራው ሳይጀመር ለሐኪምህ ንገረው፤ ከሙሌት ላይ የተላቀቀች ብራኬት ብትኖርም በቤትህ ሙጫ ልትለጥፋት አትሞክር፣ ይዘሃት ወደ ሐኪሙ ተመለስ።